ቁልቁል የምትሸሽ ኳስ፦ ፈጣንና ዘቅዛቃ ግሪን ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የሚወርድ ጎበዝ ሾፌር ማርሹን የሚቀንሰው ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ነው። አብረውኝ ጎልፍ የሚለማመዱ ወዳጆቼ ግን ፈጣን ግሪን (ቀዳዳው ያለበት፣ ሣሩ በጣም አጥሮ የተከረከመ ቦታ) ላይ ሲቆሙ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። መስመሩን አጎንብሰው ሲያጠኑ ይቆዩና ፍጥነቱን ፑተሩ፣ ማለትም ግሪን ላይ ኳስ ማንከባለያው ዱላ፣ ከተነሳ በኋላ ይገምታሉ። ከታች የማነሳቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ችግር፦ ቁልቁል የተላከች ኳስ ቀዳዳውን አልፋ ብዙ ትርቃለች።

ምክንያቱ ዓይናችን ርቀቱን ብቻ መለካቱ ነው። የግሪን ፍጥነት የሚለካው ስቲምፕሜትር በሚባል 91 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቦያማ ዘንግ ሲሆን፣ ሐሳቡን በ1935 እ.ኤ.አ. ያመነጨው ኤድዋርድ ስቲምፕሰን ነው። ከዘንጉ የተለቀቀች ኳስ ደልዳላ ቦታ ላይ 12 ጫማ፣ ማለትም 3.65 ሜትር ገደማ ከተንከባለለች ግሪኑ ፈጣን ነው። እንዲህ ባለ ግሪን ላይ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚወርድ ቁልቁለት አለ እንበል። በደልዳላው ላይ 3 ሜትር የሚሄደው ምት ቁልቁል 4.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ያው ምት ሽቅብ ሲሆን ከ2.3 ሜትር ብዙም አያልፍም። ቁልቁለቱ በሜትር ወደ 6.5 ሴንቲ ሜትር ከተጠጋ ደግሞ ኳሷ ተዳፋቱ እስኪያልቅ አትቆምም።

መፍትሄው ቀዳዳውን ትቶ ሌላ ዒላማ መምረጥ ነው። ከላይ በጠቀስኩት ቁልቁለት 3 ሜትር ለሚርቅ ቀዳዳ፣ ኳሷን በደልዳላ መሬት 2.1 ሜትር ገደማ እንደሚልኩ አድርገው ይምቱ። ሽቅብ ከሆነ ግን ቀዳዳው 3.9 ሜትር የራቀ ያህል ይቁጠሩት። ፑተሩን ወደ ኋላ የሚወስዱበትን ርቀት ያሳጥሩ እንጂ መሀል መንገድ ላይ እጅዎን አይያዙት፤ የፈራ እጅ የፑተሩን ፊት ያጣምማል። በልጅነታችን ለገና ጨዋታ ሜዳ ወጥተን ጥንጓን በሙሉ ኃይል ስንለጋ ያደግን ሰዎች ይህ ይከብደናል። እዚህ ግን ኳስ አትለጋም፣ ትሸኛለች።

ችግር፦ ወደ ጎን በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ኳሷ ሁልጊዜ ከቀዳዳው በታች ታልፋለች።

ፈጣን ግሪን ለስለስ ያለ ምት ስለሚፈልግ ኳሷ መንገድ ላይ ረጅም ጊዜ ትቆያለች፤ በቆየች ቁጥር ተዳፋቱ ይበልጥ ይስባታል። አብዝታ የምትጠመዘዘውም ፍጥነቷ በሚያልቅበት በመጨረሻው ሜትር ነው። ብዙዎች ግን የሚያጠኑት እግራቸው ሥር ያለውን መሬት ነው።

ስለዚህ ከቀዳዳው ዙሪያ ይጀምሩ። ጦሳ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ በየትኛው ሰፈር በኩል እንደሚወርድ ደሴ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ያንኑ ጥያቄ ለግሪኑ ያቅርቡ። ቀዳዳው አጠገብ ውሃ ቢፈስ ወዴት ይሄድ ነበር? በዚያ የውሃ መስመር ላይ፣ ከቀዳዳው ልክ በላይ ወይም ልክ በታች ያለች ኳስ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከመስመሩ ወደ ጎን እስከ ሩብ ክብ ገደማ ድረስ በራቁ መጠን ጥምዘዛው ይጨምራል። ዓይንዎ ከተጠራጠረ በኳሷና በቀዳዳው መካከል እግርዎን ከፍተው ይቁሙና ክብደቱ የትኛው እግር ላይ እንዳረፈ ያዳምጡ። እኔ ከዓይኔ ይልቅ እግሬን አምናለሁ። ከዚያ ኳሷ በቀዳዳው የላይኛው ጎን እንድትገባ ያልሙ። ወደ ላይ የሳተች ኳስ ወደ ቀዳዳው የመውረድ ዕድል አላት፤ ወደ ታች ያለፈችው ግን አትመለስም።

ችግር፦ ኳሷ የቀዳዳውን ከንፈር ዞራ ትወጣለች።

ቀዳዳው 108 ሚሊ ሜትር፣ ኳሷ ወደ 43 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። ስፍራው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ፈጥና ለመጣች ኳስ መሀሉ ብቻ ክፍት ነው። ቁልቁል ሲመቱ ኳሷ ከንፈሩ ላይ ደርሳ እንድትሞት ያስቡ።

ችግር፦ አንድ ቀዳዳ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ፑተር ያስፈልጋል።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፑተሩ አይደለም፤ ወደ ግሪኑ የመጣው ምት ኳሷን ከቀዳዳው በላይ አሳርፏታል። ባንዲራው ላይ ከማነጣጠር ከቀዳዳው በታች ያለውን ክፍል ይምረጡ። ሽቅብ የሚመታ 4 ሜትር ቁልቁል ከሚመታ 2 ሜትር ይሻለኛል።

ችግር፦ በልምምድ የተሳካው ግሪን ላይ ይጠፋል።

ግጦሽ መስክ ላይ መለማመድ እጅን ለጠንካራ ምት ያስለምደዋል። የእኔ መለማመጃ የግቢያችን ሲሚንቶ ነው፤ ውሃ እንዲወርድበት ተደርጎ ስለተሠራ ትንሽ ያዘነብላል። በጠመኔ 108 ሚሊ ሜትር ክብ እሥላለሁ፤ በጣሳ ውሃ አፍስሼ የሚወርድበትን ካየሁ በኋላ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ሲሚንቶ እንደ ሣር ኳስ አይዝም፣ ስለዚህ የጥምዘዛውን ልክ አያስተምርም፤ የሚያስተምረው የእጅን ልስላሴ ነው። ከላይ በኩል በአንድ ሜትር ይጀምሩ። ሦስት ኳሶች ተከታትለው ክቡን ከአንድ ክንድ በላይ ሳያልፉ ሲቆሙ ወደ ሁለት ሜትር ይሂዱ፤ አንዷ ካመለጠች ቆጠራውን ከአንድ ይጀምሩ።