ከቡና እስከ ኢንፍሉዌንዛ፦ የመጀመሪያ ሞዴላችሁን በኤክሴል እንዴት ትሰራላችሁ

ሞዴሊንግ (አንድ ነገር በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚቀያየር በቁጥር ማስላት) ሲባል ብዙ ሰው ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሳልችልማ አይሆንም ብሎ ሳይጀምር ይተወዋል፣ ለመጀመሪያው ግን ኤክሴል ወይ ስልካችሁ ላይ ያለው ጉግል ሺትስ ይበቃል። ፋርማሲ ተማሩ ባዮሎጂ ተማሩ፣ በጊዜ ውስጥ የሚቀያየር ነገር አብዛኛው አሰራሩ አንድ ነው፦ አሁን ያለው፣ ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የወጣው። ከላይ ቧንቧ የሚቀዳበት ከታች ቀዳዳ ያለው በርሜል በሉት።

በቡና እንጀምር። ጤነኛ ትልቅ ሰው ውስጥ የገባ ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ ወደ 5 ሰዓት ይፈጅበታል (ሰው ከሰው ይለያያል፣ እርጉዝ ላይ ደግሞ በጣም ይረዝማል)። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ 100 ሚሊግራም ካፌይን ከጠጣችሁ ማታ 3 ሰዓትም 50ው አብሯችሁ አለ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል ማንን እንደምትጠይቁ አወቃችሁ። ሺት ላይ አንደኛው ኮለም ሰዓት ነው፣ 0፣ 1፣ 2 እያላችሁ ውረዱ። ሁለተኛው ኮለም ላይ መጀመሪያ 100 ጻፉ፣ ከስሩ ባለው ሴል "ከላይ ያለው ሴል ሲቀነስ፣ 0.139 ሲባዛ ከላይ ያለው ሴል" የሚል ፎርሙላ ስጡት። 0.139 የመጣው 0.693ን ለ5 ስናካፍል ነው፣ 0.693 የ2 ናቹራል ሎግ ነው። ወደታች ጎትቱት፣ በቃ ሞዴል ሰራችሁ።

አሁን 5ኛውን ሰዓት እዩት። 50 መሆን ሲገባው 47 ነው የሚላችሁ። ፎርሙላው አልተበላሸም፣ ሰዓቱ ሲጀምር በነበረው መጠን ሙሉውን ሰዓት ሲቀንስ ስለሚውል ነው፣ በመሀል መጠኑ ማነሱን አያይም። እርምጃውን፣ ማለትም ካንዱ ረድፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜ፣ 0.1 ሰዓት አድርጉት፣ 0.139ን በ0.0139 ቀይሩት፣ 50 ረድፍ ውረዱ፣ 49.7 ታገኛላችሁ። እዚህ 3 ሚሊግራም ናት፣ ምንም አይደል። ቀጥሎ ያለው ላይ ግን ጉድ ነው የምትሰራው።

በ1978 ጥር ወር እንግሊዝ አገር አንድ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ኢንፍሉዌንዛ ገባ። 763 ልጆች ነበሩ፣ በየቀኑ አልጋ ላይ የዋሉት ተቆጥረዋል፦ 3፣ 8፣ 26፣ 76፣ 225፣ 298፣ 258፣ 233፣ 189፣ 128፣ 68፣ 29፣ 14፣ 4። በሩ የተዘጋ፣ ሁሉም ሰው የተቆጠረበት ዳታ ስለሆነ ለመማሪያ የሚመስለው የለም። ተመራማሪዎቹ ከርማክና ማኬንድሪክ በ1927 ያወጡት ሞዴል ሰዉን ሶስት ቦታ ይከፍለዋል፦ ገና ያልታመመ፣ የታመመ፣ የዳነ። ሶስት በርሜል ማለት ነው፣ ያንዱ ቀዳዳ የሌላው ቧንቧ። መጀመሪያ ላይ 760፣ 3፣ 0 ጻፉ። በየእርምጃው አዲስ የሚታመመው 1.66 ሲባዛ ያልታመመው ሲባዛ የታመመው ሲካፈል ለ763፣ የሚድነው ደግሞ 0.45 ሲባዛ የታመመው፣ ሁለቱንም በእርምጃው ርዝመት ታባዛላችሁ። 1.66ንና 0.45ን (ከዳታው እንዴት እንደሚወጡ ወደታች አለ) ፎርሙላ ውስጥ አትክተቱ፣ ለብቻ ሴል ስጧቸውና በዶላር ምልክት ($F$1 እንደማለት) ቆልፏቸው፣ ካልቆለፋችሁ ስትጎትቱ ፎርሙላው ባዶ ሴል ላይ ይሄድና ወረርሽኙ በተአምር ይቆማል። ጎን ላይ አንድ ኮለም ጨምሩና ሶስቱን ደምሩበት፣ ሁሌ 763 ካልመጣ የሆነ ቦታ ሰው ጠፍቶባችኋል።

እኔ መጀመሪያ ስሰራው ዳታው በቀን ነው ብዬ እርምጃውንም 1 ቀን አደረግኩት፣ ከሶስት ቀን በኋላ ሞዴሉ 31 ታማሚ ሲል ዳታው 76 ይላል፣ አንድ ሙሉ ምሽት 1.66ን ከፍ ዝቅ ሳደርግ አመሸሁ። ቁጥሩ ምንም አልሆነም ነበር! በ0.1 ቀን ሲሰራ 75 አካባቢ ይመጣል። እርምጃችሁን በግማሽ ስትቀንሱት መልሱ ጎልቶ ከተቀየረ ገና አልጨረሳችሁም፣ እንደገና ቀንሱት፣ ሌላውን ነገር ከዛ በኋላ ነው የምትነካኩት።

1.66ንና 0.45ን ከዳታው ለማውጣት በየቀኑ የሞዴሉንና የዳታውን ልዩነት ስኩዌር አድርጋችሁ ደምሩ፣ ከዛ ኤክሴል ውስጥ ሶልቨር የሚባለውን አብሩና ሁለቱን ቁጥሮች እየቀያየርክ ድምሩን አሳንስልኝ በሉት። ግን ተጠንቀቁ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀን ብቻ ከሰጣችሁት ቁጥሩ በየቀኑ ሶስት እጥፍ ገደማ ማደጉን ነው የሚያየው፣ ያ ደግሞ የሚነግረው የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት ነው እንጂ እያንዳንዱን አይደለም። 1.66 እና 0.45 ልዩነታቸው 1.21 ነው፣ 2.1 እና 0.9 ደግሞ 1.2። አነሳሳቸው ሊለይ አይችልም፣ ጫፉ ላይ ግን የመጀመሪያው 287 ገደማ ታማሚ ሲል ሁለተኛው 160 ገደማ ይላል። እውነተኛው 298 ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ወረርሽኝ በጀመረ በሳምንቱ ጫፉን በትክክል አስልቼዋለሁ ካላችሁ ስንት ቁጥር ሞክሮ እንደሆነ ጠይቁት።

ሌላም አለ። ይሄው የሚያምረው ሞዴል ሲያልቅ 740 አካባቢ ልጅ ታሟል ይላል፣ አልጋ የያዙት ግን 512 ናቸው። ምክንያቱም ዳታው የሚቆጥረው አልጋ የያዘውን ነው፣ ሞዴሉ የሚያወራው ደግሞ ስለሚያስተላልፈው ልጅ ነው፣ ሁለቱን አንድ ነው ብለን የያዝነው እኛው ነን። ግራፉ ላይ መስመሩ ነጥቦቹን ስለነካ ብቻ ይሄ አይታይም፣ ዳታው ምን እንደቆጠረ መጀመሪያ ማንበብ ነው።

ይሄን ከጨረሳችሁ የኮለሙን ስም እየቀየራችሁ ወደ ኢኮሎጂ እለፉ፦ ሎትካና ቮልቴራ የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች በ1925 እና በ1926 ያወጡት የአዳኝና የታዳኝ ሞዴል ሁለት በርሜል ብቻ ነው። ታዳኙ ይዋለዳል፣ ሲገናኙ አዳኙ ይበላዋል፣ አዳኙ በበላው ልክ ይበዛል፣ ምግብ ሲያጣ ይሞታል። ትክክለኛው መልስ እኩል ከፍታ ያለው ሞገድ ነው፣ ሺታችሁ ላይ ሞገዱ በየዙሩ ከፍ እያለ ከሄደ እንስሶቹ አላበዱም፣ እርምጃችሁ ነው የረዘመው።