ዊንዶውስ ተጭኖ ሲያልቅ ቀሪውን ሥራ ራሱ እንዲጨርስ እንዴት እናድርግ?

ዊንዶውስን ማንም ሳይነካው እንዲጫን ማድረግ የለመደ ሰው ብዙም ሳይቆይ የሚያናድደው ነገር ያገኛል። ፍላሹን ሰክቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተጭኖ ይጠብቀዋል። ግን ባዶ ነው። ብሮውዘር መጫን፣ ፕሪንተር ማገናኘት፣ የማይፈለገውን ማጥፋት አሁንም በእጅ ነው። አንድ ኮምፒውተር ከሆነ ምንም አይደል። ሃያ ሲሆኑ ግን ወገብ ይቆረጣል።

ይህን ቀሪ ሥራ ለመጫኛው ለራሱ ማስረከብ ይቻላል። ትእዛዞቹ ያን ያህል ከባድ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትእዛዙ መቼ እና በማን ስም እንደሚሠራ ሳያስብ ነው። ጠረጴዛችሁ ላይ አሪፍ የሠራ ትእዛዝ እዚያ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ልበል። የፋይልና የፎልደር ስሞችን እዚህ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት ነው የሚጻፉት።

ሦስቱ ቅጽበቶች

ጭነቱን የሚመራው አውቶአንአተንድ የሚባል የኤክስኤምኤል ፋይል ነው። ፍላሹ ላይ በየትኛውም ፎልደር ውስጥ ሳይገባ ሲቀመጥ መጫኛው ራሱ ፈልጎ ያነበዋል። ዊንዶውስ በአጠቃላይ 7 የጭነት ምዕራፎች አሉት፤ ሁሉም ሁልጊዜ አይሠሩም። ለኛ ጉዳይ ሦስት ቅጽበቶችን ማወቅ ይበቃል።

የመጀመሪያው ስፔሻላይዝ የሚባለው ምዕራፍ ነው። ፋይሎቹ ተገልብጠዋል፣ ኮምፒውተሩ ስም እየተሰጠው ነው፣ ተጠቃሚ የሚባል ገና የለም። ሁለተኛው ሴትአፕኮምፕሊት የሚባለው ስክሪፕት (ትእዛዞች በተራ የተጻፉበት ፋይል) የሚሠራበት ነው። ዊንዶውስ ተጭኗል፤ መግቢያው ስክሪን ግን ገና አልወጣም። በሁለቱም ጊዜ ትእዛዙን የሚያስፈጽመው ሲስተም የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ አካውንት ነው። ሦስተኛው ቅጽበት አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ነው። ያኔ ትእዛዙ የሚሠራው በዚያ ሰው ስም ነው።

ደረጃ 1፦ ሥራውን ከፋፍሉ

ወረቀት አውጡና የምትፈልጉትን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ መጀመሪያ ትእዛዝ የማያስፈልገውን ሰርዙ። የሰዓት ቀጠና፣ የኮምፒውተር ስም፣ የተጠቃሚ አካውንት፣ እነዚህ ሁሉ አውቶአንአተንድ ፋይሉ ውስጥ የራሳቸው ቦታ አላቸው። ፋይሉን ለማዘጋጀት ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ዊንዶውስ ሲስተም ኢሜጅ ማኔጀር ያግዛል። አጠቃቀሙ ትንሽ ያደክማል፣ ግን ስህተታችሁን ቀድሞ ይነግራችኋል።

የተረፈውን ለሁለት ክፈሉት። ለሁሉም ተጠቃሚ የሚጫን ሶፍትዌር፣ ድራይቨር፣ ሰርቪስ፣ የኃይል አጠቃቀም ሴቲንግ ለሁለተኛው ቅጽበት ይሄዳሉ። የስክሪን ምስል፣ ታስክባር፣ የግል ምርጫ የሆነ ነገር ሁሉ ለሦስተኛው። ሲስተም የግል ሴቲንግ ሲቀይር የሚቀይረው የራሱን ነው። ትእዛዙ "ተሳክቷል" ይላል፣ ተጠቃሚው ግን ምንም ለውጥ አያይም። ለውጡ ወደፊት ለሚፈጠር ተጠቃሚ ሁሉ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ ደግሞ፣ በሁለተኛው ቅጽበት ዲፎልት የሚባለውን ፕሮፋይል ሬጂስትሪ (ሴቲንጎቹ የሚቀመጡበትን ፋይል) ጭናችሁ እዚያ ላይ ጻፉት። አዲስ አካውንት ሁሉ ከዚያ ነው የሚቀዳው።

ደረጃ 2፦ ስክሪፕቱን ጻፉና አስቀምጡ

በኖትፓድ አዲስ ፋይል ክፈቱ፣ ትእዛዞቹን በየመስመሩ ጻፉ፣ ሴትአፕኮምፕሊት ብላችሁ በሲኤምዲ ማራዘሚያ አስቀምጡት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኖትፓድ ሳይነግራችሁ መጨረሻው ላይ ቲኤክስቲ ይጨምራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ማራዘሚያውን ይደብቃል። ስታዩት ትክክል ይመስላል፣ ግን አይሠራም። ሴቭ ስታደርጉ "ሁሉም ፋይሎች" የሚለውን ምረጡ።

ፍላሹ ላይ ሶርስስ የሚባል ፎልደር አለ። በውስጡ የዶላር ምልክት፣ ኦኢኤም፣ እንደገና የዶላር ምልክት የሚል ፎልደር ፍጠሩ። በዚያ ውስጥ ሁለት የዶላር ምልክት ብቻ የሆነ ሌላ ፎልደር፤ በሱ ውስጥ ሴትአፕ፤ በሱ ውስጥ ስክሪፕትስ። ስክሪፕቱ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሁለቱ ዶላሮች "የዊንዶውስ ፎልደር" ማለት ናቸው። ስለዚህ ሲጫን ፋይሉ ሲ ድራይቭ ላይ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ተመሳሳይ ቦታ ይገኛል። ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ መድረሱን ገብታችሁ እዩ።

የሶፍትዌር መጫኛዎቹንም በዚሁ መንገድ መውሰድ ይቻላል። ከሁለት ዶላር ይልቅ ዶላርና 1 ቁጥር ያለበት ፎልደር ውስጥ የገባ ነገር በቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ ይገለበጣል። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት መኖሩን ማንም አያረጋግጥላችሁም። የዋይፋዩን ፓስወርድ ገና ማንም አልነገረውም። ሶፍትዌር በትእዛዝ ከኢንተርኔት አውርዶ የሚጭነው የማይክሮሶፍት ዊንጌትም ሲስተምን አያገለግልም፤ ሰው ገብቶ ትንሽ ካልቆየ በስተቀር ዝግጁ አይሆንም።

ስክሪፕታችሁ ሌላ የሲኤምዲ ፋይል የሚጠራ ከሆነ ደግሞ ከፊቱ ኮል የሚለውን ቃል አስቀድሙ። ካለሱ ሄዶ አይመለስም። ቀሪው መስመር ሁሉ ይቀራል።

ደረጃ 3፦ መስኮት የሚከፍት ነገር አይኑር

ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። ኮምፒውተሩ "ትንሽ ይጠብቁ" በሚለው ስክሪን ላይ ሁለት ሰዓት ተገትሮ ቀረ። ዲስኩ የተበላሸ መስሎኝ እንደገና ጫንኩት። እንደገና ቆመ። ለካ አንዱ መጫኛ "እስማማለሁ" የሚለውን እንድጫን መስኮት ከፍቶ እየጠበቀኝ ነበር። ሲስተም የሚከፍተው መስኮት ለማንም አይታይም። እኔ እሱን እጠብቃለሁ፣ እሱ እኔን ይጠብቃል።

ስለዚህ እያንዳንዱ መጫኛ ዝም ብሎ እንዲጫን የሚያደርገውን ምልክት ፈልጉለት። ኤምኤስአይ ለሆኑ ፋይሎች ስላሽ ኪውኤን ነው። ኢኤክስኢ ለሆኑት እንደተሠሩበት መሣሪያ ይለያያል። በኤንኤስአይኤስ የተሠሩት ስላሽና ትልቁን ኤስ ይፈልጋሉ፤ ትንሹ ኤስ አይሠራም። በኢኖ ሴትአፕ የተሠሩት ስላሽ ቬሪሳይለንት ይቀበላሉ። ፖዝ የሚለው ትእዛዝም ስክሪፕቱ ውስጥ ተረስቶ እንዳይቀር፤ እሱም ያው ሰው ነው የሚጠብቀው።

ሪስታርት የሚያደርግ ትእዛዝ ደግሞ ሴትአፕኮምፕሊት ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ። ካቆመበት አይቀጥልም፣ ዊንዶውሱንም ያበላሻል። ከሪስታርት በኋላ የሚቀጥል ሥራ ካለ፣ ስክሪፕቱ በታስክ ስኬጁለር አንድ ሥራ ይመዝግብ። ያ ሥራ ኮምፒውተሩ ሲነሳ እንዲሠራ፣ ሲጨርስም ራሱን እንዲሰርዝ አድርጋችሁ ጻፉት።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያ መግቢያ ትእዛዞች

እነዚህ ስክሪፕት ሳይሆኑ አውቶአንአተንድ ፋይሉ ውስጥ ነው የሚጻፉት፤ ኦኦቢኢሲስተም በሚባለው ምዕራፍ፣ ፈርስትሎጎንኮማንድስ በሚለው ክፍል። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ተራ ቁጥርና የትእዛዝ መስመር ይሰጠዋል። ትእዛዝ ከበዛባችሁ ሁሉንም አንድ ስክሪፕት ውስጥ ሰብስቡና እሱን ብቻ ጥሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራሉ፣ መጀመሪያ የገባው ሰውም አድሚን መሆን አለበት። ሰው ሳይጠብቁ እንዲሠሩ ከፈለጋችሁ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲገባ የሚያደርገውን አውቶሎጎን ጨምሩ፣ ብዛቱን 1 አድርጉ።

የአውቶሎጎን ፓስወርድ ፍላሹ ላይ ማንም ሊያነበው በሚችል መልክ ይቀመጣል። ሲጨርስ የሚቀየር ጊዜያዊ ፓስወርድ ስጡት።

ላፕቶፕ ላይ ለምን አልሠራም?

ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ላይ እንደ ሰዓት የሠራው ሴትአፕኮምፕሊት እውነተኛ ላፕቶፕ ላይ ዝም ሊል ይችላል። ስህተቱ የእናንተ አይደለም። ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚሸጡ ኮምፒውተሮች የፈቃድ ቁልፉን በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ። መጫኛው እንዲህ ያለ የአምራች ቁልፍ ሲያይ ስክሪፕቱን ዘሎት ያልፋል። ኢንተርፕራይዝ እትምና ዊንዶውስ ሰርቨር ብቻ ከዚህ ነፃ ናቸው። መፍትሔው ሥራውን ወደ ስፔሻላይዝ ወይም ወደ መጀመሪያው መግቢያ ማዛወር ነው። የምትጭኑት ላፕቶፕ ላይ ብቻ ከሆነ ገና ከመነሻው ሴትአፕኮምፕሊትን እርሱት።

ደረጃ 5፦ ፈትኑ፣ ሎጉን አንብቡ

ከእያንዳንዱ ትእዛዝ መጨረሻ >> አድርጋችሁ የሎግ ፋይል (የሆነው ሁሉ የሚመዘገብበት) ስም ጻፉ፤ ስህተቱም አብሮ እንዲገባ 2>&1 ጨምሩ። ሴትአፕኮምፕሊት ተሳካ አልተሳካ መጫኛው ግድ የለውም፣ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ስለዚህ የራሳችሁ ሎግ ከሌለ በጨለማ ነው የምትሄዱት። መጫኛው የራሱን ማስታወሻ የሚያስቀምጠው በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ባለው ፓንተር በሚባል ፎልደር ነው።

በየጊዜው ከዜሮ እየጫኑ መፈተን ትዕግስት ይጨርሳል። የማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ ውስጥ ያለው ፒኤስኤግዜክ በሲስተም ስም የትእዛዝ መስኮት ይከፍትላችኋል። ስክሪፕቱን እዚያ አስኪዱት። አብዛኛው ችግር በደቂቃ ውስጥ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ብቻ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሙሉ ጭነት ሞክሩ፣ በመጨረሻም አንድ እውነተኛ ኮምፒውተር ላይ።

ሥራው ሲያልቅ ፍላሹን ነቅላችሁ "ዲስክ ያጠፋል" ብላችሁ ለጥፉበት። አውቶአንአተንድ ፋይሉ ዲስኩን እንዲያጸዳ ከታዘዘ፣ ከዚያ ፍላሽ የተነሳን ኮምፒውተር ሁሉ ያለ አንድ ጥያቄ ጠርጎ ነው የሚጭነው።