በጀት ሲናጋ የአእምሮ ጤና ክፍሎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በአእምሮ ጤና ክፍል፣ በምክር አገልግሎት ወይም በትንሽ ማኅበር ለምትሠሩ ነው። በተለይ ሥራውን በቅርብ ለጀመራችሁ። መመሪያው፣ ምንዛሪው፣ የዕርዳታው ገንዘብ፣ ሁሉም በየተራ ሲቀያየር አይተናል። ለውጡን ማስቆም የእኛ አቅም አይደለም። ታካሚው ህክምናው እንዳይቋረጥበት ማድረግ ግን ሥራችን ነው።

"መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ"

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምናዝዘው መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ አገር የሚገባ ነው። የግል ፋርማሲ ዋጋ ናረ። ብዙዎቻችን ግን እንደ ድሮው ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈን "ከውጭ ግዙ" ማለታችንን ቀጠልን።

ወረቀቱን የተቀበለውን ሰው እስቲ አስቡት። ከወረ ኢሉ ልጃቸውን ይዘው የመጡ እናት ናቸው። መሳፈሪያውን ተበድረዋል። የጤና መድህን መዋጮ ከፍለዋል፣ ደብተሩንም ይዘዋል። ደብተሩ የሚሠራው ግን ውል ባለበት ተቋም ብቻ ነው። ፒያሳ ወርደው አንድ ፋርማሲ ይጠይቃሉ፤ ዋጋው ከአቅማቸው በላይ ነው። ሁለተኛው ጋ ጭራሽ የለም። ወደ እኛ ተመልሰው "አልቻልኩም" ማለት ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ አገራቸው ይገባሉ። ልጁ ለጥቂት ሳምንታት ደህና ይመስላል። ቤተሰቡም "ድኗል፣ ይበቃዋል" ይላል። ከዚያ እንቅልፍ ያጣል፣ ሰው ይጠራጠራል፣ ከቤት ይጠፋል። እጁን ታስሮ ተመልሶ ይመጣል። እኛም ካርዱ ላይ "መድኃኒት አቋርጦ" ብለን እንጽፋለን። ያቋረጠው እሱ ነው እንዴ?

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲሆን ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ እንኳ የለም። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል።

ስለዚህ በየሳምንቱ ፋርማሲ ግቡ። የትኛው መድኃኒት ለስንት ሳምንት እንደሚበቃ እናንተ ራሳችሁ እወቁ። የሚያልቀው ሳያልቅ ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ደሴ ቅርንጫፍ ምን እንዳለ አስጠይቁ። ለምሳሌ ለከባድ የአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች ሪስፔሪዶን እያለቀ ሃሎፔሪዶል ካለ፣ ቅያሪው ገና መድኃኒቱ እያለ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክራችሁ ቀስ በቀስ ይጀመር። ከተቋሙ ውጭ መግዛት የግድ ከሆነም መጀመሪያ ስልክ አንሱ፤ የት እንዳለና ስንት እንደሆነ አረጋግጣችሁ ላኩ። በብዙ ከተሞች መድህኑ ከቀይ መስቀል ወይም ከማኅበረሰብ መድኃኒት ቤት ጋር ውል ይገባል። እናንተ ጋ ከሌለ ጉዳዩን ለማኔጅመንት የሚያቀርበው ሌላ ክፍል አትጠብቁ። ችግሩን በየቀኑ የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ደብዳቤ እስኪመጣ መቀመጥ

ጥር 12 ቀን 2017፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ለ90 ቀን የሚያግድ ትዕዛዝ አወጣች። ብዙ ሳይቆይ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ለኤችአይቪና ለመሰል ሥራዎች የተቀጠሩ 5 ሺህ ገደማ የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ሰኔ 24 ላይ የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ።

ያኔ "ይሄ የኤችአይቪ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም" ያሉ የአእምሮ ጤና ክፍሎች ነበሩ። ተሳስተዋል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስደውን ሰው በየቀጠሮው አግኝተው የሚያወሩት፣ ድብርት ሲያዩበት "ሳይካትሪ ሂድ" የሚሉት እነዚያ የኮንትራት አማካሪዎች ናቸው። እነሱ ሲወጡ ወደ እኛ የሚላከው ሰው ቀነሰ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ በሩብ ዓመት ሪፖርቱ "የታካሚ ቁጥር መቀነስ ታይቷል" ብሎ እንደ መልካም ዜና ጻፈ። የቀነሰው ላኪው ነው እንጂ ታማሚው አይደለም።

ዜናውን በሬዲዮ ስትሰሙ በዚያው ሳምንት "ይህ ገንዘብ እኛ ግቢ ውስጥ ማንን ቀጥሯል? ምን ይገዛል?" ብላችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው ሲደርስ ሰዎቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ይሆናል።

ፕሮጀክትን እንደ ቋሚ ሥራ ማየት

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ደሴ ተፈናቃይ ሞልቷት ነበር። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆነው ነበር። ከጦርነቱም በኋላ የምክር አገልግሎት የሚሰጡ ፕሮጀክቶች መጡ፤ ጥሩ ሥራም ሠሩ። ከእነሱ በአንዱ የደረሰባቸውን ለማንም ተናግረው የማያውቁ ሴቶች በቡድን መገናኘት ጀምረው ነበር። መናገር የጀመሩትም ገና ነበር። ገንዘቡ አለቀና አማካሪዋ ሄደች። የሴቶቹ ስም ያለው በፕሮጀክቱ መዝገብ ላይ ብቻ ስለነበር ማን የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፕሮጀክት ሲመጣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ "ስትወጡ ታካሚውን የሚረከበው ማነው?" በሉ። ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ይበላቸው። ታካሚው በተቋሙ ካርድ ይመዝገብ። ከፕሮጀክቱ አማካሪ ጎን ቋሚ ነርስ ትቀመጥ።

ማኅበር ለምታንቀሳቅሱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን (ከአባላቱ ውጭ ላሉ ሰዎች) ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዲስ ጀማሪዎች ይህን ፈርተው የአማካሪውን ደመወዝ ይቆርጣሉ፣ የሥልጠናና የአበል ወጪ ያበዛሉ። በአዋጁ የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘው ነው። ታካሚ የሚያነጋግር ሰው ደመወዝ የሥራው ዋና ወጪ ነው፤ ዕቅዳችሁ ላይ በግልጽ እንደዚያ ጻፉት።

አንድ ሰው ብቻ ማሠልጠን

ጤና ጣቢያው አንድ ነርስ ያሠለጥናል፤ በማግሥቱ ወደ ማዋለጃ ክፍል ይዛወራል። ሁለት አሠልጥኑ።

ሰኔ ላይ መንቃት

ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ያልተጠቀማችሁበት ተመላሽ ነው፤ ግዥ የሚጠየቀው ሚያዝያ ሳይወጣ ነው።

ቤተሰብ የሌለውን ከመድህን ውጭ መተው

የማኅበረሰብ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ የራሳችን ተሁለደሬ ናት። ሰዉ ለምዶታል፣ ብዙ ታካሚም አትርፏል። የሚመዘግበው ግን በቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ያባረረው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚያድር ታካሚ በማን ደብተር ይግባ?

መክፈል የማይችሉ ሰዎች መዋጮ በመንግሥት ይሸፈናል። ዝርዝሩን የሚያወጣው ቀበሌው ነው፤ ጎዳና ላይ ያለን የአእምሮ ታካሚ የሚያስታውስ ግን ብዙ ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ ምልመላው ከመጀመሩ በፊት የታካሚዎቻችሁን ስም ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱ፤ ማኅበራዊ ሠራተኛ ካለ ይዛችሁት ሂዱ። ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ማስገባት ከባድ ነው።

የመድህን የክፍያ ቅጽም በትክክል ይሞላ። የበሽታው ስም ያልተጻፈበት ቅጽ ሲመረመር ይወድቃል። ተቋሙ ገንዘቡን ካላገኘ ፋርማሲው በምን ይገዛል?

ሳይነግሩ ቀጠሮ ማሳጠር

መድኃኒት ሲያንስ የሁለት ወሩን ወደ ሁለት ሳምንት ማሳጠር ግድ ሊሆን ይችላል። ለታካሚው ግን መንገዱን አራት እጥፍ አበዛችሁበት ማለት ነው። ምክንያቱን ንገሩት፤ ካልነገራችሁት በሽታው የባሰበት ይመስለዋል። ከገጠር ለሚመጣ ቀጠሮውን በገበያ ቀን አድርጉለት። የአስታማሚውንና የአንድ ጎረቤት ስልክ ያዙ፤ ከቀረ በዚያው ቀን ደውሉ።