የሒጅራ ወራትን ስም ከሥረ ቃላቸው ተነሥቶ ማጥናት

በባሕር ዳር ረመዳንና ሙሐረም ሲባል ያልሰማ አይገኝም፤ ሒጅራ የተባለውን በጨረቃ የሚሄድ የእስልምና ዘመን አቆጣጠር 12 ወራት በቅደም ተከተል መጥራት ግን ብዙዎችን ያስቸግራል። ስሞቹን በቃል ከመደጋገም ይልቅ ከሥረ ቃላቸው መነሣት ይሻላል፤ ዐረብኛ የግእዝ ዘመድ ስለሆነ አንዳንዱን ሥር በየቤታችን እንጠራዋለን።

በቅድሚያ ስሙን ወደ ሦስት ፊደል ያውርዱ። ሙሐረም «ሐ-ረ-መ» ይሆናል፤ ፍችው የተከለከለ፣ የተከበረ ማለት ሲሆን የግእዙ «ሐረመ»ና የአማርኛው «እርም» ከዚሁ ሥር ናቸው። ይህን ስም ያገኘው ውጊያ ክልክል ከሆነባቸው አራት ወራት አንዱ በመሆኑ ነው፤ ሌሎቹ ረጀብ፣ ዙልቃዕዳና ዙልሒጃ ናቸው። ረመዳን ደግሞ የሚያቃጥል ሙቀትን ከሚያመለክት ቃል የወጣ ነው። የዐረብኛው ጠንካራ «ደ» በግእዝ «ፀ»፣ ይህም በአማርኛ አንዳንዴ «ጠ» ስለሚሆን ዘመዱን ሩቅ መፈለግ አያሻም፦ ቡናው ካለቀ በኋላ ማንደጃው ውስጥ አመድ ለብሶ የሚቀረው ረመጥ እሱው ነው።

ተመሳሳይ ድምፅ እንዳያሳስት ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ወር ሰፈር በጠንካራ «ሰ» የሚነበብ፣ ባዶ መሆንን የሚያመለክት ቃል ነው፤ ከመንደራችን «ሰፈር»ም ሆነ ጉዞ ከሚለው የዐረብኛ «ሰፈር» ጋር አይገናኝም። የቀድሞ የቋንቋ ሊቃውንት ሰዎች ሲወጡ ቤቶች ባዶ ስለሚቀሩ ነው ይላሉ። ረቢዕም በፊደል ረቡዕን ቢመስልም የጸደይ ልምላሜ ማለት ነው። አል-አወልና አስ-ሳኒ ሁለቱን ረቢዖች አንደኛና ሁለተኛ ብለው ይለያሉ፤ አወል ያው የቡናችን አቦል ነው።

በስሞቹ ውስጥ ያለውን ወቅት ከጣና ዳር አየር ጋር ለማዛመድ መሞከር አያዋጣም። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳል፤ ወር እየጨመሩ ወይም እያዘገዩ ማስተካከልን ደግሞ ቁርኣን በሱረቱ ተውባ 37ኛ አንቀጽ ስለነቀፈ ወራቱ በየወቅቱ ይዞራሉ። ረመዳን በ2008 ዓ.ም በአብዛኛው የዋለው ዝናብ በሚጀምርበት ሰኔ ነበር፤ በ2018 ዓ.ም ግን በየካቲት ገባ። ከመድረቅ ወይም ከመርጋት የተወሰዱት ሁለቱ ጁማዳዎችም በክረምት ጎርፍ መካከል ሊውሉ ይችላሉ።

የቀሩት አጭር ናቸው፦ ረጀብ ማክበር፣ ሻዕባን መበተን፣ ሸዋል ማንሣት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ስሞች «ዙ» የግእዙ «ዘ» ዘመድ ሲሆን ፍችው «ባለ» ነው፤ ስለዚህ ዙልቃዕዳ ባለ መቀመጥ፣ ዙልሒጃ ባለ ሐጅ ይሆናሉ። የትኛው እንደሚቀድም ከተምታታብዎ ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ መካ እንደሚሄድ ያስቡ።