ፕራይም ነው ወይስ ኮምፖዚት? በትልልቅ ቁጥሮች ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

2ን 67 ጊዜ ጽፈን እናባዛና ከውጤቱ ላይ 1 እንቀንስ። የሚመጣው (በአጭሩ 2^67 − 1) 147573952589676412927 ነው። ባለ 21 አሃዝ ቁጥር። ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ ከሌለው ፕራይም፣ ካለው ደግሞ ኮምፖዚት ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን ጎበዝ ተማሪም ይሳሳትበታል።

አንደኛው ስህተት መልክ አይቶ መፍረድ ነው። ቁጥሩ ጎዶሎ ነው፣ በ7 ያልቃል። አሃዞቹ ሲደመሩ 109 ስለሚሆኑ በ3 አይካፈልም። በ7 እና በ11 ብትሞክሩትም ቀሪ ይተርፋል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ “በቃ፣ ፕራይም ነው” ብሎ ይዘጋዋል። ነገር ግን ኮምፖዚት ነው። ከ1 ቀጥሎ ያለው ትንሹ አካፋዩ 193707721 ነው። ከዚያ በታች ከ10 ሚሊዮን በላይ ፕራይም ቁጥሮች አሉ፤ አንዳቸውም አያካፍሉትም።

“67 ፕራይም ስለሆነ 2^67 − 1ም ፕራይም ነው” የሚሉም አሉ። 11ም እኮ ፕራይም ነው፤ 2^11 − 1 ግን 2047፣ ማለትም 23 × 89 ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1644 ባወጣው ዝርዝር 67ን ፕራይም ከሚሰጡት ጋር ደምሮታል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ቀጣዩ ነው፦ “ኮምፖዚት ከሆነ አካፋዮቹን አምጣ!” ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድዋር ሉካ በ1876 ቁጥሩ ፕራይም እንዳልሆነ ሲያረጋግጥ አንድም አካፋይ በእጁ አልነበረም። ሁለቱን አካፋዮች፣ 193707721 እና 761838257287ን፣ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፍራንክ ኔልሰን ኮል ኒው ዮርክ ላይ በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ያቀረበው በጥቅምት 1903 ነው። በመካከሉ 27 ዓመት አለ።

ሳያካፍሉ እንዴት ይታወቃል? በትንሽ ቁጥር እንየው። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ እንዳሳየው አንድ ጎዶሎ ቁጥር p ፕራይም ከሆነ፣ 2^(p − 1) ለ p ሲካፈል የግድ 1 ይተርፋል። 15ን እንሞክር። 2^14 ማለት 16384 ነው፤ ለ15 ሲካፈል 4 ይተርፋል። ስለዚህ 15 ፕራይም አይደለም። 3ንም 5ንም አልጠራንም! ሉካ የተጠቀመው ሌላ ፈተና ቢሆንም መንፈሱ ይኸው ነው። ዛሬም ባለ 385 አሃዙ 2^1277 − 1 ኮምፖዚትነቱ ታውቋል፤ አካፋዩ ግን ገና አልተገኘም።

የፌርማን ፈተና ገልብጦ “1 ከተረፈ ፕራይም ነው” ማለትም ያሳስታል። 341ን ውሰዱ። 1024 ማለት 3 × 341 ሲደመር 1 ነው። ስለዚህ 2^10 ለ341 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ 2^340ም 2^10 34 ጊዜ ሲባዛ ስለሆነ እንደዚያው። 341 ግን 11 × 31 ነው። 1 ካልተረፈ ኮምፖዚትነቱ ያለቀለት ጉዳይ ነው፤ 1 ከተረፈ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም።

ኤክሴልን ማመንም አለ። ከ15 አሃዝ በላይ ስለማይዝ ቁጥራችንን 147573952589676000000 አድርጎ ያሳያችኋል። ጎዶሎው ቁጥር በዜሮ አለቀ! በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሥሩት፤ ሙሉ ቁጥርን አይቆርጥም።

አካፋይ ሲፈለግ እስከ ግማሹ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ እዚህ ላይ እስከ 12 ቢሊዮን ገደማ፣ ይበቃል። እሱም ቢሆን ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም። የዚህ ቁጥር ማንኛውም አካፋይ የ134 (2 × 67) ብዜት ላይ 1 ሲጨመር የሚገኝ መሆን አለበት። 193707720ን ለ134 ብታካፍሉ ልክ 1445580 ይመጣል፣ ምንም ሳይተርፍ። ሁለተኛውን አካፋይ እናንተ ሞክሩት፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።