አዛውንቶች ከሰው እንዳይርቁ ምን እናድርግ?

እናታችሁ ወይም አባታችሁ ስብሰባ ሲጠሩ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ይቅርብኝ» ማለት ካበዙ፣ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ጊዜ ከመልሱ ጀርባ ሌላ ነገር አለ። ወንበሩ ዝቅ ይላል፣ መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ ነው፣ የሚነገረው አይሰማም፣ ሲመሽ የሚመልሳቸው የለም። ይህን ደግሞ አፍ አውጥተው አይነግሯችሁም።

ስለዚህ ጠይቁ። «ለምን አይወጡም?» አትበሉ፣ ምርመራ ይመስላል። «ምኑ ነው ያስቸገረዎት?» በሉና ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

ከዚያ መንገዱን በእሳቸው እርምጃ አብራችሁ ሂዱበት። የት ቆመው ያርፋሉ? የትኛው ደረጃ መደገፊያ የለውም? ስትደርሱ ወንበሩን እዩት። ጉልበቱ የደከመ ሰው የሚነሳው በእጁ ገፍቶ ስለሆነ የእጅ መደገፊያ ያለው ይሻላል። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት ሽንት ያመላልሳል፤ ለመውጣት ብለው እንዳይዘሉት፣ ሰዓቱ መቀየር ይችል እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቁ። ጆሮ ለከበደው ሰው ደግሞ መጮህ አይጠቅምም። ሙዚቃውን ቀንሳችሁ፣ ፊት ለፊት ሆናችሁ ረጋ ብላችሁ አውሩ።

ለእኔ ዋናው ግን ሥራ መስጠት ነው። አዛውንትን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ አጨብጭቦ መሸኘት ተሳትፎ አይባልም! ሒሳብ ሲይዙ የኖሩ የማኅበሩን መዝገብ ይመርምሩ፣ አስተማሪ የነበሩ ልጆች ያስጠኑ። ቀኑም ይቆረጥ። «ማክሰኞ እንጠብቅዎታለን» እና «ሲመችዎ ብቅ ይበሉ» በጣም ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ካልመጡ የሚጎድል ነገር እንዳለ ይነግራቸዋል።

መማርም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ውስጥ ለጡረተኞች የተጀመረው «የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ» ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል። እንግሊዝ ውስጥ አባላቱ ራሳቸው እርስ በርስ ይማማራሉ፤ አንዱ ታሪክ ያስተምራል፣ ሌላው ቋንቋ። ለዚህ አንድ ክፍልና ፈቃደኛ ሰዎች ይበቃሉ።

አገልግሎት ፍለጋ ስትወጡ የአካባቢውን አስተዳደርና ጤና ጣቢያውን ጠይቁ፦ የቀን መዋያ፣ ቤት ለቤት እንክብካቤ፣ የትራንስፖርት ድጋፍ አለ ወይ? ከተቻለ አዛውንቱን ራሳቸውን ይዛችሁ ሂዱ። ሠራተኛው እናንተን እያየ ስለ እሳቸው ከጠየቀ «እሳቸውን ይጠይቋቸው» በሉ። ፎርሙን ብትሞሉላቸውም እያነበባችሁላቸው ይሁን።

ከተማው ራሱ እንዲስተካከል መጠየቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለአረጋውያን ስለሚመቹ ከተሞች ያወጣው መመሪያ አለላችሁ። ከመኖሪያ ቤትና ከትራንስፖርት እስከ መከበርና መረጃ ማግኘት 8 ጉዳዮችን ይዘረዝራል፤ ለባለሥልጣን ስታቀርቡት ክብደት አለው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሰው ይወዱ የነበሩ አዛውንት ድንገት ከሁሉም ከራቁ፣ ምግብና እንቅልፍ ከተቀየረ ወይም ነገር መርሳት ከበዛ፣ ግብዣውን ተዉትና ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። ድብርት በአዛውንቶችም ላይ ይታከማል።