የመኪናና የኳስ ጌም ለዛ የሚያሳጡ ስህተቶች

የመኪና ውድድርና የኳስ ጌም የሚወድ ሰው አንድ ቀን «ሰለቸኝ» ማለቱ አይቀርም። አዲስ ጌም መፈለግ ይጀምራል፣ ካልሆነም ጆይስቲኩን ጥሎ ይነሳል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ጌሙ ላይ ሳይሆን አጨዋወቱ ላይ ነው። እነዚህ ጌሞች የሚጥሙት መኪናዋ ወይም ኳሷ ስትታዘዝላችሁ፣ ትናንት ከግድግዳ ያላተማችሁን ኩርባ ዛሬ ንጹሕ አድርጋችሁ ስታልፉት ነው። ይህን ደስታ የሚነጥቁ ልማዶች አሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

ነዳጅ ወይ ሙሉ፣ ወይ ባዶ

በመኪና ጌም ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አዲስ አበባ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ተራ እየጠበቀ ያደገ ሰው፣ አብዛኛው መንዳት የለመደው በፕሌይስቴሽን 2 ነው። ያኔ ነዳጁ ኤክስ ላይ ነበር። የዚያ ጆይስቲክ ኤክስ የጣትን ግፊት መለየት ይችል ነበር፤ ቀስ ብላችሁ ከነካችሁት ትንሽ ነዳጅ፣ ጠበቅ ካደረጋችሁት ብዙ ይሰጣል። ግን ማን ልብ ብሎት? ሁሉም ቁልፉ እስኪሰምጥ ነበር የሚጫነው። በፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ደግሞ ኤክስ ወይ ተጭኗል ወይ አልተጫነም፤ መሃል የሚባል ነገር የለውም። ልክ የሚያውቁት ከኋላ ያሉት አር 2 እና ኤል 2 ናቸው። ዛሬም ነዳጁን ወደ ኤክስ መልሶ የሚጫወት ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ይህን ይቀይር።

ቀጥሎ የሚመጣው የፍሬን ነገር ነው። የጎማ ጉልበት የተወሰነ ነው። ሙሉውን ለፍሬን ካዋላችሁት ለመታጠፍ የሚተርፍ የለም። መሪውን ብትጠመዝዙትም መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ብዙ ሰው ይሄኔ «መኪናዋ አትታጠፍም» ብሎ መኪና ይቀይራል።

ቤልጂየም የሚገኘውን ስፓ ፍራንኮርሻምን እንውሰድ። ከግራን ቱሪስሞ እስከ ፎርሙላ 1 ጌሞች ድረስ በብዙዎቹ ውስጥ አለ። አንድ ዙሩ 7 ኪሎ ሜትር ነው። ከመነሻው ብዙም ሳትርቁ ላ ሱርስ የሚባል ወደ ቀኝ እጥፍ የሚል ኩርባ ይመጣል። በጣም ቀርፋፋ ኩርባ ነው። ከእሱ ስትወጡ መንገዱ ቁልቁል ወደ ኦ ሩዥ ይወርዳል፣ ከዚያ ሽቅብ ይወጣና ኬመል በሚባለው ረጅም ቀጥታ ላይ ይጥላችኋል። እንግዲህ ላ ሱርስ ላይ ሰው ልቅደም ብሎ አዘግይቶ ፍሬን የያዘ ተጫዋች ኩርባው ውስጥ ይቀድም ይሆናል። ግን መኪናዋ ወደ ውጭ ትለጠጣለች፣ ነዳጅ ለመስጠት ይዘገያል። ቀደም ብሎ ፍሬን የያዘው ግን መኪናዋን አዙሮ ጨርሶ ነዳጁን ቀስ በቀስ ይከፍታል። መውጫው ላይ ያገኛት ትንሽ ብልጫ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም ቀጥታውንም ይዛው ትሄዳለች። ኬመል መጨረሻ ላይ ሲያልፋችሁ «የሱ መኪና ይፈጥናል» ትላላችሁ። መኪናው ያው ነው። ያለፋችሁ ላ ሱርስ ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። መንገድ ዳር አንድ ምልክት ምረጡ፤ የርቀት ሰሌዳ ይሁን፣ የአጥር ጫፍ ይሁን። ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ፍሬን ያዙ። ከተረፋችሁ በሚቀጥለው ዙር ትንሽ አዘግዩት። የመኪና ጌም ጣዕም ያለው እዚህ ማስተካከያ ውስጥ ነው።

እርዳታውን ሁሉ ማጥፋት፣ ወይም አንዱንም አለማጥፋት

ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ፣ ነዳጅ ሲሰጥ ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚያደርገው ትራክሽን ኮንትሮል፣ አውቶማቲክ ማርሽ፣ በየት እንደሚነዳ መንገዱ ላይ የሚያሳየው ባለቀለም መስመር። አንዳንዱ ገና ጌሙን ሲከፍት «እኔ ያለ እርዳታ ነው የምነዳው» ብሎ ሁሉንም ያጠፋል። ሦስት ኩርባ ሳያልፍ አምስቴ ይሽከረከራል። ሌላው ደግሞ ለዓመታት ሁሉንም እንዳለ ትቶ ይነዳል። ዓይኑ መስመሩ ላይ ስለሚተከል መንገዱን አያየውም።

እኔ የምመክረው በቅደም ተከተል እንድታጠፉ ነው። መጀመሪያ መስመሩን። ፎርዛ የሚባለው የመኪና ጌም ላይ መስመሩ ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ላይ ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ መንገድ የለም። ቀጥሎ ማርሹን በእጅ አድርጉት። ትራክሽን ኮንትሮልን ደረጃ በደረጃ ቀንሱ። ኤቢኤስን ግን ጆይስቲክ ለሚጠቀም ሰው እንዳለ ተዉት። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ፎርዛ ሆራይዘን ላይ ስትጋጩ ጊዜውን ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍም አለ። ለማምለጫ ብቻ ከተጠቀማችሁበት ውድድሩ ትርጉም ያጣል። ለመማር ከሆነ ግን ውድ ነገር ነው፤ ያው ኩርባ ላይ ተመልሳችሁ ፍሬኑን ቀደም አድርጋችሁ ትሞክራላችሁ፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል።

ከትልቁ መኪና መጀመር

ጌሙ እንደተከፈተ ወደ ፌራሪና ቡጋቲ መሮጥ ያጓጓል። ግራን ቱሪስሞ 7 ግን ሆን ብሎ በትንሽ ያስጀምራችኋል። የመጀመሪያ መኪናችሁን የምትመርጡት ከሦስት ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ነው፤ ቶዮታ አኳ፣ ማዝዳ ዴሚዮና ሆንዳ ፊት። አኳ በአዲስ አበባ መንገድ ከሞሉት ቪትዞች ጋር የቅርብ ዘመድ ናት። ብዙ ሰው እነዚህን ቶሎ ለመገላገል ይቸኩላል።

አትቸኩሉ። ትንሽ መኪና ስህተታችሁን በቀስታ ነው የምታሳያችሁ። ጎማዋ መንሸራተት ሲጀምር ይሰማችኋል፣ ለማረም ጊዜ ታገኛላችሁ። ባለ 800 ፈረስ ጉልበት መኪና ይህን ዕድል አይሰጥም፤ ስህተቱን ሳታዩት ሣሩ ውስጥ ናችሁ።

የመንጃ ፈቃድ ፈተናዎቹን መዝለልም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ተከታታዩ በ1997 በጃፓን ከወጣ ጀምሮ እነዚህ ፈተናዎች አሉ። ተነሥታችሁ ፍጥነት ይዛችሁ ምልክት የተደረገበት ቦታ ላይ መቆም፣ አንድ ኩርባ ብቻ በተሰጣችሁ ሰከንድ ማለፍ። አሰልቺ ይመስላሉ፤ ግን ከጌሙ ሁሉ የማደንቀው ክፍል ይሄ ነው። ጌም ምን ያስተምራል ለሚል ደግሞ ያን ማርደንብሮ አለ። በ2011 የጌም ተጫዋቾችን ወደ እውነተኛ ውድድር የሚያሻግረውን የግራን ቱሪስሞ አካዳሚን አሸንፎ፣ በ2013 በእውነተኛው የሌ ማን 24 ሰዓት ውድድር ከቡድኑ ጋር በምድቡ ሦስተኛ ሆኗል።

የአንዱን ጌም ሕግ ለሌላው ማዋል

ከላይ ያልኩት ሁሉ ማሪዮ ካርት ላይ አይሠራም። ኒድ ፎር ስፒድ ላይም እንደዚያው። እነዚህ ጌሞች የራሳቸው ሕግ አላቸው።

በ2005 የወጣው ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዎንትድ የሚወደደው የጎማ ፊዚክስ ስላለው አይደለም። የ15 ተፎካካሪዎች ዝርዝር አለ፤ ከታች ጀምራችሁ አንድ በአንድ እየጣላችሁ ሬዘር የሚባለው ላይ ትደርሳላችሁ። በየመሃሉ ፖሊስ ያሳድዳችኋል። ማምለጥ ነው ደስታው። «መኪናው እንደ እውነት አይደለም» የሚል ሰው የሌለበትን ነገር እየፈለገ ነው።

ማሪዮ ካርት 8 ላይ ደግሞ ሳጥን ስትመቱ የሚወጣላችሁ ዕቃ ውድድሩ ላይ ባላችሁበት ቦታ ይወሰናል። ኋላ የቀረ ጠንካራውን ያገኛል፣ ፊት ያለው ሙዝ ልጣጭና የመሳሰለውን። ጀማሪዎች ያገኙትን ወዲያው ይወረውራሉ። የሚያውቅ ሰው ግን የሙዙን ልጣጭ ከኋላው ይዞ ይሄዳል፤ ሰው አሳዶ የሚመታው ቀይ ቀፎ ሲመጣበት ልጣጩ ይመክትለታል። ሳንቲም መልቀምም አትናቁ። እስከ 10 ድረስ በያዛችሁት ልክ ፍጥነታችሁ ይጨምራል።

የሩጫ ቁልፍን አለመልቀቅ

ወደ ኳስ እንምጣ። ፊፋም ሆነ ፒኢኤስ (ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር)፣ ጀማሪን የምለየው በአንድ ነገር ነው፤ ጣቱ ከሩጫው ቁልፍ ላይ አይነሣም። ተጫዋቹ ሲሮጥ ኳሷ ከእግሩ ትርቃለች። ተከላካዩ እግሩን ዘርግቶ ይወስዳታል። በሩጫ ላይ የተሰጠ ፓስም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ክፍት ሜዳ ስታገኙ ሩጡ፣ ሰው አጠገብ ስትደርሱ ልቀቁት። ሌላ ምንም ሳትለውጡ ይህችን ብቻ ብታደርጉ ቅብብላችሁ ይስተካከላል።

መከላከል ላይ ደግሞ ይብሳል። ኳስ የያዘው አጥቂ ሲመጣ ሰዉ የመሃል ተከላካዩን ይዞ ሮጦ ይወጣበታል። ከኋላው የሚከፈተውን ጉድጓድ ይታያችሁ። አንድ ሰንጣቂ ፓስ፣ ከበረኛ ጋር አንድ ለአንድ፣ ጎል። ከዚያ «ጌሙ ነው ያገባብኝ» ይባላል። የመሃል ተከላካዩን ቦታው ላይ ተዉት። አማካዩን ምረጡና ከኋላ ተመልሳችሁ አጥቂውን አስጨንቁት። ፊፋ ላይ ኤል 2ን ስትይዙ ተጫዋቻችሁ ፊቱን ወደ ኳሷ አድርጎ ቀስ ብሎ ያፈገፍጋል። ሸርተቴ ከመግባት በፊት ይህን ልመዱ።

ከፒኢኤስ ወደ ፊፋ የመጣ ሰው ሹትና ረጅም ኳስ ተቀያይረውበት ይናደዳል። ፒኢኤስ ላይ ሹት አራት ማዕዘኗ ናት፣ ፊፋ ላይ ክቧ። ጎል ፊት ቆሞ ክሮስ ያደርጋል! ሴቲንግ ውስጥ ቁልፎቹን እንደለመዳችሁት የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ መታገል አያስፈልግም።

ሁልጊዜ በትልቅ ክለብ

አንዱ ሪያል ማድሪድ፣ ሌላው ማንችስተር ሲቲ። የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊ ሆኖ በገዛ ክለቡ የማይጫወት ስንት ሰው አለ! ፊፋ ክለቦቹን በኮከብ ይመድባቸዋል። ባለ 3 ኮከብ ምረጡና ከጓደኛችሁ ጋር እኩል ተጫወቱ። ፍጥነት ብቻውን አያድናችሁም፤ ቅብብል፣ ቦታ አያያዝ፣ ማን በየትኛው እግሩ እንደሚመታ ማወቅ ይመጣል።

ቡድን ከታች ጀምሮ የሚሠራበትን የፒኢኤስ ማስተር ሊግ የተጫወቱ ይህን ያውቁታል። ካስቶሎ፣ ሚናንዳ፣ በረኛው ኢቫሮቭ። በእውነተኛው ዓለም የሌሉ፣ ደካማ ተጫዋቾች ናቸው። ግን ከነሱ ጋር እየተሸነፋችሁ፣ ነጥብ እየለቀማችሁ ቡድን ትሠራላችሁ። ካስቶሎ ያገባው ጎል በፒኢኤስ 6 አድሪያኖ ከ30 ሜትር ከሚመታው ይበልጥ ይጣፍጣል፤ የአድሪያኖ የሹት ጉልበት 99 ነበር፣ እሱን ይዞ ማግባት ማንን ያስደንቃል?

ቡድንን በገንዘብ መግዛት

ተጫዋቾችን እየሰበሰባችሁ የራሳችሁን ቡድን በምትሠሩበት የፊፋ አልቲሜት ቲም ላይ ፓክ፣ ማለትም ተጫዋቾች የሚወጡበት የታሸገ ጥቅል፣ መግዛት ጠንቅ ነው። ምን እንደሚወጣላችሁ ሳታውቁ ትከፍላላችሁ። ደግሞ በየዓመቱ አዲሱ ጌም ሲወጣ የሰበሰባችሁት ቡድን አብሮ አይሻገርም፤ ከዜሮ ነው። ቤልጂየም ነገሩን ከቁማር ቆጥራው፣ የፊፋ ጌም ሠሪው ኢኤ በ2019 መጀመሪያ እዚያ አገር ፓክ የሚገዛበትን የፊፋ ፖይንት መሸጥ አቁሟል። ጌሙ ከ2023 ጀምሮ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ቢሆንም ፓኩ እንዳለ ነው። በተለይ አሜሪካ፣ አውሮፓና ዓረብ አገር ያላችሁ ወላጆች፣ የባንክ ካርዳችሁ ከልጃችሁ አካውንት ጋር ተያይዞ ከሆነ ዛሬውኑ የወጪ ገደብ አድርጉበት። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ፓኩ የተሠራው እንደገና እንዲያስከፍት ነው።

ቴሌቪዥኑንና ድምፁን መርሳት

ዘመናዊ ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር ሲሠራበት ትንሽ ይዘገያል። ፊልም ስታዩ አይታወቃችሁም። ጌም ላይ ግን ቁልፉን ከነካችሁ በኋላ ነው ተጫዋቹ የሚመታው። የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ጌም ሞድ» የሚለውን አብሩት። ነጻ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ድምፁን አጥፍቶ ሙዚቃ እየሰሙ መንዳት ኒድ ፎር ስፒድ ላይ ያምራል። ግራን ቱሪስሞ ላይ ግን ግማሹን መረጃ ትጥላላችሁ። ማርሽ መቀየሪያውን የሚነግራችሁ የሞተሩ ድምፅ ነው። ጎማው ሲጮህ ደግሞ ልኩ ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ጩኸቱ ቀጠን ያለ ከሆነ ያዙት፣ ከጎረነነ ነዳጁን ቀነስ አድርጉ። ማታ ቤተሰብ ተኝቶ ከሆነ ኢርፎን ጆይስቲኩ ላይ ይሰካል።